ፈረስን የማይጎዳ አጥር
በአሪቻና በአካባቢዋ ለሚገኙ ሰበካ ጉባኤያትና ካህናት የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

መግቢያ

የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ሲታጠር በሰበካ ጉባኤ ዘንድ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ምን እንዳይገባ እንከልክል?» የሚል ነው። ከብት ወደ ዐፀዱ እንዳይዘልቅ፣ ችግኝ እንዳይበላ፣ የመቃብር ስፍራ እንዳይረገጥ ይታሰባል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጋር አብሮ ሊነሣ የሚገባው፣ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «አጥሩን ገፍቶ የሚመለሰው፣ ወይም በአጥሩ ውስጥ የሚውለው እንስሳ ምን ይደርስበታል?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ጥያቄ ስለ ፈረስ እንመለከተዋለን።

በሀገራችን 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች እንዳሉ ይገመታል። በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ አካባቢ በምትገኘው በአሪቻ ፈረስ የሚታየው ለጌጥ ወይም ለውድድር ሳይሆን ለሥራ ነው። እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት ከተዳፋቱ ማሳ ወደ መፈልፈያ ጣቢያው ጭነት ያመላልሳል፤ በገበያ ቀን እህልና ቆጮ ይሸከማል፤ አረጋውያንን ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። መሬቱ ጠባብ፣ ማሳውም በእንሰት፣ በቡናና በጥላ ዛፍ የተሞላ ስለሆነ ፈረሱ እንደ ደጋው ሜዳ ተለቆ አይግጥም። የሚውለው ታስሮ ወይም ታጥሮ ነው። ስለዚህ በአሪቻ የፈረሱ ደኅንነት በአብዛኛው በአጥሩና በማሰሪያው ላይ ያርፋል።

ጉዳዩ ስለ ምን የሰበካ ጉባኤ ሆነ?

በንግሥ በዓልና በሰንበት ምእመናን በፈረስ ይመጣሉ። የመጣው ፈረስ ቅዳሴው እስኪፈጸም፣ አንዳንዴም ታቦቱ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ ለብዙ ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይቆማል። በአዊ ዞን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንደሚሰበሰቡት ያለ ታላቅ ትዕይንት በአሪቻ ባይኖርም፣ አሥር ፈረስም ቢሆን ባልተዘጋጀ ስፍራ ሲታሰር አደጋው ያው ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ አጥርንና መከታን የሚሠራ ሰው ስላለበት ኃላፊነት ዝም አላለም። በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግለት ታዝዟል። በኦሪት ዘጸአት 21፥33 እና 34 ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ለባለቤቱ እንዲከፍል ተደንግጓል። በሁለቱም ሥርዓቶች ተጠያቂ የሆነው የወደቀው ሳይሆን የሠራው ነው። እንግዲህ ሰበካ ጉባኤ አጥር ሲያሠራ ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። የድኻ ምእመን ፈረስ በቤተ ክርስቲያኑ ሽቦ ተቀድዶ ቢሞት፣ ያ ቤተሰብ የሚያጣው የዓመት ገቢውን ነው።

የፈረስ ዓይንና ጠባይ

አጥርን ለፈረስ መምረጥ ፈረስን ከማወቅ ይጀምራል። በሬ አጥር ሲያገኝ ቀስ ብሎ ይገፋዋል፤ ፍየል ቀዳዳ ትፈልጋለች። ፈረስ ግን ሲደነግጥ በመሸሽ ራሱን የሚያድን ፍጥረት ነው። ውሻ ሲጮህ፣ ከበሮ ሲመታ፣ ርችት ሲተኮስ፣ ጃንጥላ ድንገት ሲዘረጋ አስቀድሞ ይሮጣል፤ ምን እንደ ሆነ የሚያየው ከሮጠ በኋላ ነው። በሩጫው መካከል ያላየው ነገር ከፊቱ ቢገጥመው በሙሉ ክብደቱ ይመታዋል።

ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ማየት ይችላል። ሆኖም በግንባሩ ፊት ለፊት አጠገቡ ያለውንና በስተኋላው ያለውን አያይም። ቀይና አረንጓዴ ቀለምም እንደ እኛ ለይቶ አያያቸውም። በአረንጓዴ ቡናና እንሰት መካከል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ለሰውም እንኳ በጭንቅ የሚታይ ሲሆን፣ ለሚሮጥ ፈረስ እንደሌለ ይቆጠራል።

እግሩ በአንዳች ነገር ሲያዝበትም እንደ በቅሎ ወይም እንደ አህያ ቆሞ የሚጠብቅ ፈረስ ጥቂት ነው። አብዛኛው ይታገላል፤ በታገለ ቁጥርም ሽቦው ወይም ገመዱ ወደ ጅማትና ወደ አጥንት ይሰምጣል።

ከዚህ በመነሣት ማንኛውንም አጥር በሦስት ጥያቄዎች መመዘን ይቻላል። ፈረሱ ከሩቅ ያየዋልን? ቢመታው ሳይቆርጠው ይመልሰዋልን? ሰኮናው ወይም አንገቱ ሊያዝበት የሚችል ክፍተትስ አለበትን? ሦስቱን ፈተና ያላለፈ አጥር ዋጋው ቢረክስም ለፈረስ አይሆንም።

ቁስሉ ትንሽ፣ ጥፋቱ ትልቅ

አንዳንድ ወገኖች «ሽቦ ቢጭረው ምን አለበት? ይድናል» ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ በሁለት በሽታዎች ምክንያት እጅግ አደገኛ ነው።

የመጀመሪያው መንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ ነው። ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ በሽታ በቀላሉ የሚጋለጠው ፈረስ ነው። ተህዋሲው በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ ጠባብና ጥልቅ የሆነ ቁስል ደግሞ ይመቸዋል። የእሾሃማ ሽቦና የሚስማር ቁስል እንዲህ ያለ ነው። ፈረሱ ሰውነቱ ደርቆ፣ መንጋጋው ተቆልፎ፣ መብላትና መጠጣት አቅቶት ይሞታል። ከታመመ በኋላ የሚድነው ጥቂቱ ነው።

ሁለተኛው የእንስሳት ሐኪሞች ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚሉት የፈንገስ በሽታ ነው። በሀገራችን በተለይም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ሞቃትና እርጥበታማ ክልል የጋሪና የጭነት ፈረሶችን ሲያጠቃ ኖሯል። የአሪቻ ከፍታም ከዚሁ ክልል ውስጥ ይወድቃል። ፈንገሱ የሚገባው በቆሰለ ቆዳ በኩል ነው። ከዚያ በቆዳው ሥር እንደ መቁጠሪያ ተሰካክቶ እባጭ ያወጣል፤ እባጩ ፈርጦ ይመግላል፤ እግሩም ያብጣል። ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው በዝንብ፣ በተዋሱት ኮርቻና ልጓም፣ በአንድ መጥረጊያ ጨርቅ ይተላለፋል። በጊዜ ከተደረሰበት ሐኪም ሊያክመው ይችላል። ከሰፋ በኋላ ግን ሕክምናው ረጅምና ውድ ስለሆነ ባለቤቱ ፈረሱን ወደ ጎዳና ይለቀዋል። በየከተማው ዳር ቆስለው የተጣሉ ፈረሶችን የማያውቅ አንባቢ አይኖርም።

እንግዲህ በአጥር ላይ ያለች አንዲት የሽቦ እሾህ የብዙ ፈረሶች በሽታ መግቢያ ልትሆን ትችላለች። በበዓል ቀን ከየአቅጣጫው የመጡ ፈረሶች በአንድ አጥር ሲታሸሹ ይህ አደጋ ይበልጥ ይጨምራል።

የአጥር ዓይነቶች ሲመዘኑ

እሾሃማ ሽቦ። ርካሽ ነው፤ በቶሎ ይሠራል፤ በጎ አድራጊም ብዙ ጊዜ የሚለግሰው እርሱን ነው። ከላይ ካነሣናቸው ሦስት ፈተናዎች ግን አንዱንም አያልፍም። አይታይም፣ ይቆርጣል፣ ይይዛል። ፈረስ በሚውልበት ወይም በሚታሰርበት ስፍራ ፈጽሞ እንዳይሠራበት እንመክራለን።

ልሙጥ ሽቦ። ከእሾሃማው ይሻላል። ብቻውን ግን አይታይም። ከላይ የእንጨት ማገር ተደርጎለት፣ ሽቦው ከሥር በደንብ ተወጥሮ ከተያዘ ያገለግላል። የላላ ልሙጥ ሽቦ እግር ስለሚይዝ በየወሩ ሊጠብቅ ይገባል።

ወንፊት ሽቦ። ቀዳዳው ሰኮና የሚያስገባ ከሆነ አደገኛ ነው። ፈረሱ መሬት ሲጎደፍር እግሩን ያስገባና ማውጣት ይሳነዋል።

ቆርቆሮ። ብዙ አጥቢያዎች ግቢያቸውን የሚያጥሩት በቆርቆሮ ነው። ጥሩነቱ መታየቱ ነው። ጉዳቱ ግን ከሥሩ ባለው ጠርዝ ነው፤ የዛገና የተቀደደ የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ቢላ ይቆርጣል። በነፋስ ሲንኳኳም ፈረስን ያስበረግጋል። ቆርቆሮ ካለ ጠርዙ በእንጨት ተከድኖ፣ ልቅ የሆነውም ሁሉ ተመትቶ መያዝ አለበት።

የድንጋይ ካብ። ድንጋይ በሚገኝበት ስፍራ የሚተካከለው የለም። በደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር በመተባበር ከእርሻ ማሳ በተለቀመ ድንጋይ የአብያተ ክርስቲያናትን ደን ማሳጠራቸው ይታወቃል። ገበሬው ማሳው ጸዳለት፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። እንዲህ ያለ ካብ ይታያል፣ አይቆርጥም፣ እግርም አይዝም። ብቻ የላይኛው ድንጋይ የጸና መሆኑን፣ የተናደውም በየጊዜው መነሣቱን ማረጋገጥ ያሻል።

ቋሚና ማገር። ለአሪቻ አጥቢያ፣ ለጠባብ ማሰሪያ ስፍራ፣ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው። የሚያስፈልገው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ስለ አጥር ሲባል ዋንዛ፣ ዝግባ ወይም ሌላ ሀገር በቀል ዛፍ ሊቆረጥ አይገባም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሕዝቡ ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን አስማምቶ በማኖሩ ነውና፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ይህን ጥበብ የሚያፈርስ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። በደጋው በኩል ቀርከሃ ቢገኝም፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጠርዙ ስለሚቆርጥ ለማገርነት አይመረጥም። ጫፉ የሾለ ቋሚም ዘሎ የሚያልፍን ፈረስ ሆዱን ስለሚወጋ፣ የቋሚው ጫፍ ሁልጊዜ ደልዳላ ይሁን።

ሕያው አጥር፦ የትኛው ተክል?

ለሰፊው ይዞታ፣ ማለትም ለዐፀዱና ለችግኝ ጣቢያው ዙሪያ፣ ሕያው አጥር ዋጋው አነስተኛ፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። የጌዴኦ ገበሬ ከጥንት የሚያውቀው ስለሆነ ማስተማሪያ ባለሙያ ከሩቅ መጥራት አያሻም። የሶንጎ አባቶችን ማማከር ይበቃል። ፈረስ ግን አጥሩን የሚቀምስ እንስሳ ነውና የተክሉ ምርጫ ጥንቃቄ ይሻል።

የሚመከሩት፦ ቆርች ከግንዱ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል፤ ቋሚ ሆኖም ማገር ይሸከማል። ፍሬው መርዝነት ስላለው ግን ማሰሪያው ከሥሩ አይሁን። ሰንሰል በቶሎ ይበቅላል፤ ከብትም እምብዛም አይነካውም። ግራዋ በቶሎ ያድጋል፤ ቅርንጫፉም በተቆረጠ ቁጥር ይደድራል።

የሚከለከሉት፦ ቅንጭብ ነጭ ወተቱ ዓይን ያሳውራል፤ ቆዳም ያቃጥላል። ጉሎ ፍሬው ለፈረስ ገዳይ ነው። የወፍ ቆሎ ለከብትም ለፈረስም መርዝ ነው። ሉኪኒያ ለፍየልና ለበግ መኖ ቢሆንም፣ ፈረስ አብዝቶ ቢበላው የጋማውንና የጭራውን ጠጉር ያረግፈዋል። በተለይ ልናስገነዝብ የምንወደው ስለ አቮካዶ ነው። በዲላና በይርጋ ጨፌ አካባቢ አቮካዶ በየጓሮው አለ፤ ለገቢ ሲባል በቤተ ክርስቲያን ይዞታም ይተከላል። ፍሬው ለሰው መልካም ሲሆን ቅጠሉና ልጡ ግን ፈረስን ይመርዛል፤ ጡት ያሳብጣል፣ ልብንም ይጎዳል። ስለዚህ ፈረስ ከአቮካዶ ዛፍ ሥር አይታሰር፤ የተገረዘው ቅርንጫፉም ፈረስ በሚደርስበት አይጣል።

ሕያው አጥር ከበልግ ዝናብ መግቢያ ጋር ቢተከል ይጸድቃል። እስኪጠነክር ድረስ ግን ሁለት ዓመት ያህል ስለሚወስድ፣ ፈረስ ልጡን እንዳይግጠው ከውስጥ በኩል አንድ የማገር መስመር ሊከልለው ይገባል።

የማሰሪያ ስፍራ አሠራር

ሰበካ ጉባኤው ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ይዞታውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለማጠር ከመሞከር ይልቅ፣ ፈረሶች የሚቆሙበትን አንድ ስፍራ በደንብ ቢሠራ ይሻላል። ለምሳሌ 20 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ ስፍራ ዙሪያው 70 ሜትር ነው። ቋሚዎች በየ2.5 ሜትሩ ቢተከሉ 28 ቋሚ ያስፈልጋል። ሦስት ማገር ቢደረግ 210 ሜትር ይሆናል፤ የእያንዳንዱ አጣና ርዝመት 5 ሜትር ቢሆን 42 አጣና ማለት ነው። ይህን በአንድ አጥቢያ ያሉ ማኅበራት ተከፋፍለው ሊያዋጡት ይችላሉ።

አሠራሩም እንዲህ ነው።

1. ቋሚው 2 ሜትር ያህል ርዝመት ይኑረው፤ 70 ሴንቲ ሜትሩ ይቀበር። የሚቀበረው ክፍል ልጡ ተልጦ፣ ፊቱ በእሳት ቢጠቁር ከምስጥና ከብስባሴ ይቆያል። የተቃጠለ ዘይት ከተቀባም የሚቀበረው ክፍል ብቻ ይሁን፤ ፈረስ የሚልሰው የላይኛው ክፍል አይነካ።

2. ሦስቱ ማገሮች ከመሬት በ35፣ በ80 እና በ125 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሁኑ። የሀገራችን ፈረስ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ይህ ይበቃዋል። ድንጉላ ለሚታሰርበት ግን ወደ 140 ከፍ ይደረግ።

3. ማገሩ በቋሚው የውስጥ ፊት፣ ማለትም ፈረሱ ባለበት በኩል ይመታ። እንዲህ ሲሆን ፈረሱ ቢገፋው ሚስማሩ አይነቀልም፤ ትከሻውም ከቋሚው ጋር አይጋጭም። የወጣ የሚስማር ጫፍ ሁሉ ይታጠፍ።

4. ማእዘኑ በተቻለ መጠን ክብ ይሁን። በጠባብ ማእዘን ደካማው ፈረስ በኃይለኛው ተከብቦ ይረገጣል።

5. በሩ 3 ሜትር ይስፋ፤ ጭነት የያዘ ፈረስ ሳይነካካ እንዲያልፍ። ወደ አውራ መንገድ ሳይሆን ወደ ውስጥ ይከፈት።

6. የላይኛው ማገር በኖራ ቢቀባ ከሩቅና በድንግዝግዝ ይታያል።

7. ፈረስ በማገር ላይ አይታሰር። ደንግጦ ወደ ኋላ ቢስብ ማገሩን ነቅሎ እየጎተተው ይሮጣል። ለማሰሪያ ጠንካራ ቋሚዎች ለብቻ ተተክለው፣ በአንዱና በሌላው ፈረስ መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ይተው። ገመዱ በፈረሱ ትከሻ ቁመት ላይ ይታሰር፤ ርዝመቱም እግሩን የማያሻግር፣ ቋጠሮውም በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን። የማይተዋወቁ ፈረሶች በአንድ ላይ አይለቀቁ። ድንጉላና ባዝራ ይራራቁ።

8. ስፍራው ከደወሉ፣ ከድምፅ ማጉያውና ርችት ከሚተኮስበት ራቅ ያለ፣ ጥላና ውኃ ያለው ይሁን።

አስቀድሞ እሾሃማ ሽቦ ላለው አጥቢያ

ሽቦውን በአንድ ቀን ነቅሎ መጣል የማይቻልበት አጥቢያ ይኖራል። እዚያ በሽቦው ውስጥ በኩል አንድ ሜትር ገብቶ የማገር መስመር ማድረግ ፈረሱን ከሽቦው ያርቀዋል። ይህ እስኪሠራ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ በየሜትሩ አጥብቆ በሽቦው ላይ ማሰር እንዲታይ ያደርገዋል። የላላው ይወጠር፤ በመሬት ላይ የወደቀ ቁራጭ ሽቦ ሁሉ ተለቅሞ ይቀበር። ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው የሚቆሙበት፣ ሕፃናትም የሚሮጡበት ግቢ ስለሆነ ይህ ለፈረስ ብቻ የሚደረግ ጥንቃቄ አይደለም።

ፈረስ ቢቆስል ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብሎ ማቆም፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ማጠብ፤ ወዲያውም የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል። በመገጣጠሚያ አጠገብ ያለ ቁስል ትንሽ ቢመስልም አያድርም። በጋለ ብረት መተኮስ፣ አመድ ወይም ፋንድያ መለጠፍ ቁስሉን ያብሰዋል። የዚያ ፈረስ ኮርቻና ልጓም ለሌላ አይዋስ።

ማጠቃለያ

የተሻለው አጥር ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ወይም ማንንም የሚያስፈራው አይደለም። ፈረሱ አይቶት የሚቆምበት፣ ቢመታውም ሳይቆስል የሚመለስበት አጥር ነው። ለአሪቻና ለመሰሎቿ ምክራችን ይህ ነው፦ ለሰፊው ይዞታ የተመረጠ ሕያው አጥር፣ ለፈረሶች ማቆሚያ የቋሚና የማገር አጥር፣ እሾሃማ ሽቦ ደግሞ ፈረስ ከማይደርስበት ስፍራ እንዲርቅ። ምእመኑ ጭነቱን አራግፎ፣ ፈረሱን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስሮ ሲገባ ልቡ ለጸሎት ያርፍ ዘንድ፣ በደጅ ያለውን አደራ መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።

በሰበካ ጉባኤ ለመወያየት

1. በአጥቢያችን በዓል ቀን ፈረሶች የት ይቆማሉ? አጥሩስ ሦስቱን ፈተናዎች ያልፋልን?

2. በይዞታችን ላይ ከተከለከሉት ተክሎች የትኞቹ አሉ? ፈረስ ይደርስባቸዋልን?

3. የአንድ ማሰሪያ ስፍራ ቋሚና አጣና በማኅበራትና በሰንበት ትምህርት ቤት መካከል እንዴት ይከፋፈላል? ከበልግ በፊት ምን ሊጠናቀቅ ይችላል?

4. አጥሩን በየወሩ ዞሮ የሚያይ፣ የላላውን የሚያጠብቅ፣ ሽቦ የሚለቅም ተጠሪ ማን ይሁን?